የሁዳዴ ጉንጭ

«ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም?» አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ፣ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ።

ዶክተር ነገራ አንድ እርጥብ፣ ስስ ሽፋን በመቆንጠጫ እንዳንጠለጠለ ቀረ። የተቃጠለው ግራ ጉንጫቸው ላይ ሊያለብሰው ጥቂት ሲቀረው ነው ጥያቄው የመጣው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚበላ አይደለም። ለቁስልዎ ልብስ ነው።»

«ልብስ ከሆነ ከምን ተሠራ?»

እዚህ ላይ ዶክተሩ ተሞኘ፤ እውነቱን ተናገረ። ኸዲጃ ቅድም ከግድግዳው ማዶ ማዋለጃው ክፍል ስትገላገል ከወጣው እንግዴ ልጅ ላይ የተገፈፈ ሽፋን ነው፤ በጨው ውሃ ታጥቧል፤ ከጭንዎ ቆዳ ተወስዶ እስኪለጠፍ ድረስ በቆዳ ፈንታ ቁስሉን ይይዛል አላቸው።

ጋሼ ወልደ የሱስ በደህናው ቀኝ ዓይናቸው አተኩረው አዩት። መቱ ላይ ልኳንዳ ከፍተው ሥጋ ሲበልቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሥጋን አይተው አይስቱም። ሞራ የመሰለ ነገር፣ ያውም በሁዳዴ፣ ያውም ከእስላም ቤት! ኸዲጃ ጎረቤታቸው ናት። ስኳርና ሳሙና የሚገዙት ከባሏ ሱቅ ነው፤ በደስታም በሐዘንም ተለያይተው አያውቁም። ሥጋ ግን ሌላ ነው። እሷ የእሳቸውን አትቀምስም፣ እሳቸውም የእሷን አይቀምሱም፤ በዚሁ ተከባብረው ኖረዋል።

መዘዙ የመጣው በዚሁ ጾም ነው። ሁዳዴ ገብቶ ልኳንዳው ሲዘጋ ቀበሌው «ሥራ ፈት ጓድ አይኖርም» ብሎ የማታውን የመሠረተ ትምህርት ክፍል የጋዝ መብራት፣ ማሾውን፣ እንዲያቀጣጥሉ መደባቸው። ማሾው ፊታቸው ላይ ፈነዳ። ቃጠሎው ጠልቆ ገብቷል። ጉንጩ ሳይሸፈን ከደረቀ የዓይናቸውን ቆብ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ዓይናቸውም እንደተገለጠ ቀርቶ ውሎ አድሮ ይጠፋል። ዶክተሩ ይህን ደጋግሞ ነግሯቸዋል።

«ጓድ ዶክተር፣» አሉ ሚስታቸው እትዬ ዘውደነሽ ከራስጌ፣ «የንስሐ አባታችን ያሉት ጎሬ ነው። ነገ በመጀመሪያው መኪና ሄጄ ላስፈቅድ።»

«እስከ ነገ ይሄ ይበላሻል። ሌላ የምትወልድ ከየት ላምጣ?»

«ተንሸራትቶ አፌ ቢገባስ?» አሉ ጋሼ ወልደ የሱስ።

«ያ ዋቃ ኮ!» አለ ዶክተር ነገራ አምላኩን በኦሮምኛ እየጠራ፤ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋበታል።

በሩ ተከፈተ። ኸዲጃ አራስ ልጇን ታቅፋ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ገባች። ግድግዳው ሳንቃ ስለሆነ ያመለጣት ቃል የለም። ልጅቱ ትጮኻለች።

«ጋሼ ወልደ የሱስ፣ የእኔን ልጅ ነው የተጸየፉት?»

«ኧረ አልተጸየፍኩም ኸዲጃ፤ ወግ ነው። አንቺስ የእኔን ሥጋ ትበያለሽ?»

«አልበላም። የእርስዎ ቢላ በስመ አብ ይላል፣ የእኛ ቢስሚላሂ። ይሄን ግን ማን አረደው?»

ጋሼ ወልደ የሱስ እንደ ባለሙያ አሰቡበት። እውነትም ቢላ አልነካውም፣ ስምም አልተጠራበትም። «ያልታረደማ በክት ነው» አሉ።

«በክት የሞተ ነው! የሽፋኑ ባለቤት ይኸው ትጮኻለች፣ አይሰሙም?»

«ጾሙስ?»

«ወላሂ፣ ጡት ሳልሰጣት ነው ወደዚህ የመጣሁት። ከተወለደች ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም። ከእሷ የበለጠ የጾመ ክርስቲያን ካለ ይጥሩልኝ!»

እትዬ ዘውደነሽ አማተቡ፤ ከዚያ ሳቃቸው አፈተለከ። የጋሼ ወልደ የሱስም ሳቅ መጣ፤ ጉንጫቸው የተቀደደ መሰላቸውና «ወይኔ አምላኬ!» እያሉ ሳቁ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ። በል አልብሰኝ ዶክተር፣ ይቺ ሴት በሳቅ ሳትገድለኝ።»

ዶክተሩ አለበሳቸው፤ ጠርዙን በጣቱ እየደባበሰ አስተካከለው። ቀዘቀዛቸው። ፊታቸው ላይ ሲንቀለቀል የሰነበተው እሳት ቀስ እያለ በረደ። ፈርተው ነበር፤ ጾሙን መሻር ፈርተዋል፣ ዓይናቸውን ማጣት ግን ይበልጥ ፈርተዋል።

«እስቲ ልጅቷን አሳዪኝ» አሉ።

ኸዲጃ ልጇን ይዛ ጎንበስ አለች። «እንዳታስነኪ!» ብሎ ዶክተሩ እጁን በመሃል ዘረጋ።

ልጅቱ ጩኸቷን ድንገት አቆመች። አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። ፊቷን ከእናቷ ደረት መልሳ ወደ ተሸፈነው ጉንጭ ዞረችና ጡት እንደምትፈልግ ሁሉ አፏን ከፈተች።

«የራሷን ጠረን አገኘች» አሉ እትዬ ዘውደነሽ በሹክሹክታ።

ጋሼ ወልደ የሱስ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ እንዳትርቅባቸው ሳይንቀሳቀሱ ተኙ።