እስከ ምሳ

ቀዩን ሽቦ ነቅዬ እናቴን «አጥፍቼዋለሁ፤ እንግዶቹ እስኪገቡ መነጽሩን አውልቀሽ እረፊ» እላታለሁ።

እናቴ ግን አታወልቅም። የላቦራቶሪው ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች። «የጠፋ ነገር ያወራል እንዴ? ልጅሽ ፊት ለፊትሽ ናት እያለኝ ነው።»

እስቃለሁ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ቀልዷ በርትቷል። መነጽሩ ላይ ያለችው ካሜራ የሰው ፊት ስታይ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቺፕ ፊቱን ትለይና የማን እንደሆነ ጆሮዋ ላይ ትነግራታለች። ቺፗ ኤሌክትሪክ የምትበላው ደግሞ በዚህ አሁን በእጄ በያዝኩት ቀይ ሽቦ በኩል ነው።

ቢሆንም ልቤ አልረጋ ይላል። ኮቴዬን እንዳትሰማ ጫማዬን አውልቄ ከፊቷ ዞር እላለሁ።

«አሁን ማንም የለም አለኝ» ትላለች።

ቀስ ብዬ ተመልሼ እቆማለሁ።

«መጣሽ።»

ሳቄ ይጠፋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ ይጠጣል። የእኔ ሥራ ጥቂት ጠጥቶ ብዙ የሚሠራ ቺፕ መሥራት ነው። የመጀመሪያው መነጽር ባትሪ ጡብ የሚያክል፣ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ነበር፤ ይግላል። እናቴ «ዓይን ስጪኝ ብልሽ ምድጃ አስታጠቅሽኝ» ብላኛለች። ያን ጊዜ ነው ቃል የገባሁላት፦ የአዝራር ያህል ባትሪ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መለኪያው ይህንኑ ሲያሳየን ከባልደረቦቼ ጋር ላቦራቶሪው ውስጥ ተቃቅፈን ዘለልን። ዛሬ አለቃዬ ዶክተሩ ውጤቱን ሊያሳዩ እንግዶች ጠርተው ከእነሱ ጋር ኮሪደሩ ላይ ይጠብቃሉ።

ሰማያዊውን ሽቦ አየዋለሁ። ካሜራዋ ለቺፗ ምስል የምትልክበት ነው፤ እሱም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። መለኪያውን ያሰርኩት ግን ቀዩ ላይ ብቻ ነበር። ለካ ቺፗ በሰማያዊውም በኩል፣ በጓሮ በር፣ እየበላች ኖራለች። ጎረቤት ቤት ጠግቦ መጥቶ «አልራበኝም» እንደሚል ልጅ ማለት ናት፤ እኔ ደግሞ ምን የመሰለ ቆጣቢ ልጅ ወለድኩ ብላ ጉራዋን የምትነዛ ሞኝ እናት።

መለኪያውን በሁለቱም ሽቦዎች ላይ አስሬ ቀዩን እመልሰዋለሁ። ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። አሁንም ይወጣል። በቃህ፣ በቃህ እለዋለሁ። ሲቆም ማስላት አያስፈልገኝም፤ ያቺ አዝራር የምታክል ባትሪ ከጠዋት ብትነሳ እስከ ምሳ ነው የምታደርሰው። ማልቀስ ያምረኛል።

ዶክተሩ በሩን ገርበብ አድርገው አንገታቸውን ያስገባሉ። «ደረሳችሁ? ሰዎቹ ቆመው ደከማቸው እኮ።»

«ዶክተር፣ ተሳስቻለሁ።»

ሰማያዊውን ሽቦ ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ዕድሜያቸውን ከሽቦ ጋር የፈጁ ሰው ናቸው። ገብተው በሩን ከኋላቸው ይዘጉና ቁጥሩን ያያሉ።

«ወይ ጉድ» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መነጽሩ መሥራቱን ይሠራል አይደል? ዛሬን እንደምንም እንለፈውና ነገ...»

«ድምፅዎን አይቀንሱ ዶክተር» ትላለች እናቴ። «የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬማ ገና ጎረምሳ ነው።» ወደ እኔ ትዞራለች። «እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚያቆየኝ?»

«እስከ ምሳ፣ እማዬ። እስከ ማታ ብዬሽ ነበር።»

ጣቶቿ የመነጽሩን ጠርዝ ይዳብሳሉ። እኔ የፈራሁት እንግዶቹን አይደለም፤ የእሷን መልስ ነው።

«እህትሽ ልጆቹን ይዛ የምትመጣው ጠዋት ነው» ትላለች። «ድምፃቸው አንድ ዓይነት ሆኖብኝ፣ አንዱን በሌላው ስም እየጠራሁ ያኮርፉኛል። እነሱን ከለየልኝ ምን እፈልጋለሁ?»

«ማታስ?»

«ማታ የምትመጪው አንቺ ነሽ። አንቺን በኮቴሽ አውቅሻለሁ። ከመሬት ጋር የተጣላሽ ይመስል ነው እኮ የምትራመጂው!»

ዶክተሩ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ወዲያው ኮስተር ይላሉ። «እሺ፣ ውጭ ላሉት ምን ልበላቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። እስከ ምሳ ነው የሚሠራው፤ ስለካ ተሳስቼ ነበር እላቸዋለሁ።»

ጥቂት ያዩኝና ከበሩ ዘወር ብለው መንገድ ይለቁልኛል። ጫማዬን አጠልቃለሁ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳለች፤ መነጽሩ አሁን እኔን አያየኝም። ወደ በሩ ስሄድ፣ እንድትሰማኝ ብዬ ወለሉን ጠንከር አድርጌ እረግጠዋለሁ።