መብራት መጣ
ሙኒባ ግድግዳውን በጡጫ ነረተችው። «ኧረ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ አጥፉልን!»

«እናንተ ሌላ ክፍል ፈልጉ!» ብለው ሳቁባት፣ ከወዲያ ሰው ሠራሽ እጅ የሚሠሩት ተመራማሪዎች።

የፅንስ ልብ ምት መታየት በነበረበት ላፕቶፕ ላይ ከሞተሩና ከማራገቢያው የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ብቻ ይተራመስ ነበር። ነፍሰ ጡሯ የወንድሟ ሚስት ሆዷ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎባት በላሆር ሙቀት ትቀቀላለች። «ምርምርሽ ገደል ይግባ! ማራገቢያውን ወደ እኔ አዙሪው!»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እትዬ።»

ድንገት መብራት ሄደ። ማራገቢያውም ሞተሩም ቀጥ አሉ። በባትሪ በቀረው ላፕቶፕ ላይ፣ ከእናትየው የልብ ምት ሥር፣ ትንንሽ፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚሉ ምቶች ብቅ አሉ።

«እሱ ነው?» አለች ነፍሰ ጡሯ፣ ትንፋሿን ውጣ።

ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ፤ «መብራት መጣ!» ማራገቢያውም ሞተሩም መሽከርከር ጀመሩ፤ ምቶቹ በረብሻው ተዋጡ።

«አጥፉት!» ብላ ጮኸች፣ በላብ የተጠመቀችው ነፍሰ ጡሯ ራሷ።