ያላነበብኩት ውል

«ስልኩ ላይ የተጫነው ማን ነው?» ትለኛለች ጠበቃዋ። ልጄ ትሆናለች በዕድሜ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች።

«እኔ ነኝ» እላለሁ። «ባለቤቴ እጇን ማንሳት አቅቷት ነበር።»

አውራ ጣቴን አሳያታለሁ። አርባ ዓመት ሲሚንቶና ድንጋይ በልቶታል። ስልኩ አላውቅህም ብሎኝ፣ «እስማማለሁ» የሚለውን ሦስቴ ነው የተጫንኩት። ከላይ የተጻፈውን አላስነበብኩም። ለአንድ ክንድ አጥር እንኳ ውሉ ሳይነበብልኝ ፈርሜ የማላውቅ ሰው።

እኔ ሥራ ውዬ እስክመለስ፣ ባለቤቴ ተኝታ ለስልኩ ታወራ ነበር። ድምፁን የሚያስቀምጠው አንድ ድርጅት ነው። ስትሞት፣ የሚያውቃት ሁሉ መርዶ ሊደርሰው ይገባል ብዬ ለእነሱም አስጻፍኩ። አዘንን አሉ። በውሉ መሠረት ደንበኛ ሲሞት ያስቀመጠው ሁሉ ይጠፋል አሉ። ወዲያው ቆለፉት። እስኪጠፋ የቀረው አራት ቀን ነው። ሐዘኑ ትንሽ ይብረድልኝ እያልኩ፣ ከመቆለፉ በፊት አንዱንም አልሰማሁት።

«እርስዎ መጫንዎማ ይበጀናል፣ አባባ!» ትላለች ጠበቃዋ። «ሳያነቡ የተጫኑት ውል ነው አይደለም የሚለው ገና ያከራክራል። እሷ ራሷ ካልተስማማች ግን አያስራትም። ሳታዘኝ ነው የተጫንኩት ብለው ይማሉ፣ ዳኛው ማጥፋቱን ያግድልናል።»

«አዛኛለች እኮ። ‹ተጫነው እንጂ፣ አንተ ድንጋይ! ላውራበት› አለችኝ። እየሳቀች።»

ጠበቃዋ በሩን ታያለች። ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አላለችም።»

ትጽፋለች። እንድታነብልኝ እጠይቃታለሁ። ታነባለች። ደግሞ እጠይቃታለሁ። «ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቃል አልነገረችኝም» ይላል።

የአሻራ ቀለሙን ታቀርብልኛለች። አውራ ጣቴን አስነካለሁ። ወረቀቱ ላይ ሳላሳርፍ እቆያለሁ።

«ይጫኑት እንጂ፣ አባባ!»

ያ የባለቤቴ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው።

ወረቀቱን በግራ እጄ ወደ ጠበቃዋ እገፋዋለሁ። ባርኔጣዬን አነሳለሁ። «አባባ፣ ሌላ መንገድ የለንም እኮ» ትለኛለች ከኋላዬ።

ደረጃውን ስወርድ ግድግዳውን እደገፋለሁ። ዞር ብዬ አያለሁ። ነጩ ልስን ላይ ጣቴ ጥቁር አሻራ ትቷል፤ አንድም መስመር የለበትም።