ያልተነካው ክር

«እማማ እንዳትዪኝ፤ አንቱታውንም ተዪልኝ» አለች፣ ወንበሩን በመሐረቧ ጠርጋ እየተቀመጠች። «ከዚያ ውጪ የፈለግሽውን በዪኝ።»

«እሺ እትዬ» አልኩ።

በሬዲዮ ጣቢያው ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «አንደኛዋ» ነው የሚላት። ከአርባ ዓመት በፊት አንድ ዘፈኗ በሳምንቱ ምርጥ ዘፈኖች ዝርዝር ላይ አሥራ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል የቆየ የለም።

እኔ የክር ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። በጥቅል ላይ ያሉ አሮጌ የቴፕ ክሮችን እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። የተፈቀደልኝ አራት መቶ ጥቅል ነው፤ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኙ አልቋል። የተረፈውን ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወስደዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጥቅል ቀርቷል፤ የሁለቱም ሌላ ቅጂ የትም የለም። አንዱ የእሷ ነው።

«ትናንት ከቢሮ ደውለው ነገሩኝ» አለች። «ወይ አንቺ ወይ ቀጭኗ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ቀጭኗ በዚያው ዘመን የነበረች ዘፋኝ ናት፤ ከሞተች ቆይታለች። ዘፈኗ ከሰባተኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም።

«ታዲያ ይሄ ምን ያነጋግራል? ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ እኔ እሷን አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ከላይ ሆኜ ነው ያየኋት።» መሐረቧን አጣጥፋ ጨመረች፣ «ጠልቻት አይደለም። ደህና ልጅ ነበረች። ብቻ አሸንፌያታለሁ።»

መመሪያውም ለእሷ ነው የሚያደላው። «ድምፁ ጥራት ያለው ክር ይቀድማል» ይላል፣ በአንድ መስመር። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ካርቶኑን ከፍቼ ጥቅሏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ጠርዙ አልተበላም። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። አንድም ቦታ አልተቀጠለም። የክር ሠራተኛ እንዲህ ያለውን በዓመት አንዴ ቢያይ ነው። ደስ አለኝና ከአፌ አመለጠኝ።

«እንዴት ያምራል እትዬ። ሰው ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም።»

ዐይኗን ከጥቅሉ ላይ አነሳች። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው።

እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ ካርድ አለ። ክሩን በአየር ለማሰማት የሚወስድ የፕሮግራም አቅራቢም ሆነ ሌላ የሚያወጣው ሰው ቀኑንና ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል። እጇን ዘረጋች፤ ካርዷን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የመጀመሪያው ዓመት ፊተኛውን ገጽ ሞልቶታል፤ በቀን ሦስቴ የተፈረመበትም አለ። ካርዱን ገለበጠችው። ከኋላ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«አንዱ የድሮ አለቃዬ ናቸው፤ መደርደሪያው ሲዛወር አውጥተውት ነበር።»

«ሌላውስ?»

«እኔ። ትናንት፣ ቁጥሩን ለማመሳከር።»

«አድማጭ ማለት እንዲህ ነው» አለች። «አንዱ መደርደሪያ ተሸካሚ፣ አንዷ ቁጥር አንባቢ።» ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «የእሷን አምጪ።»

«ይቅርብሽ እትዬ።»

«ካፈርኩ አይመልሰኝ። አምጪው።»

የቀጭኗ ካርድ አንድ አይደለም። ስድስት ካርድ በሙጫ ተቀጣጥሎ እየተጣጠፈ ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ጫፉ ከጠረጴዛው አልፎ ተንጠለጠለ። ምክንያት በሚለው ዓምድ ሥር ያለውን ድምፅዋን ሳታሰማ አነበበች። እኔም በትከሻዋ በኩል አነበብኩ። «አድማጭ ጠየቀ»። «ሆስፒታል ለተኛች»። «እናቱ ለሞተችበት»። «ሦስት ሰው ጠየቀ»። «ደግሞ ጠየቁ»። የመጨረሻው ፊርማ የባለፈው ወር ነው።

ክሩ ግን ያሳዝናል። ጠርዙ ተበልቷል፤ አሥራ አንድ ቦታ ተቀጥሏል።

«ይሄ ስንት ጊዜ ይዞራል?» አለች።

«ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ። እየዞረ ከተገለበጠ ተገለበጠ፤ ከዚያ በኋላ ይበጣጠሳል።»

«መመሪያሽ ማንን ይላል?»

«አንቺን።»

«አንቺስ?»

የተበላውን ጠርዝ በጣቴ ነካ አደረግሁት። «መመሪያውን ስጽፍ» አልኩ፣ «ክር የሚበላው በመሰማት መሆኑን ረስቼው ነበር። ከማንም በላይ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጥቅሏን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ከተተችው፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ታፋዋ ላይ አስቀመጠችው።

«የኔን መኪናው ላይ እንዳትጭኚው። ይዤው እሄዳለሁ።»

«እትዬ፣ የጣቢያው ንብረት እኮ ነው።»

«ቆሻሻ ነው አላላችሁም እንዴ? ቆሻሻዬን እወስዳለሁ።»

«ቤትሽ ማጫወቻ አለ?»

«ከየት መጥቶ» አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ ቀጭኗ ጥቅል ጠቆመችኝ። «ጫኚው።»

«አንዴ ካዞርኩት አራት መቶኛው እሱ ነው። ያንቺ አይመለስም።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ጫንኩት። አንዱን ማዳመጫ ለእሷ ሰጠሁ፤ ሌላውን እኔ አደረግሁ። ጥቅሉ መዞር ጀመረ። ከክሩ የሚራገፈው ቡናማ ዱቄት እንደ ቅመም ጠረጴዛው ላይ ይወርድ ጀመር። ዐይኔን ከድምፅ መለኪያው መርፌ አልነቀልኩም። መጀመሪያው ደህና ሄደ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ጠፋ፤ መርፌው ወድቆ ዜሮ ላይ ተኛ። ጥቅሉ ይዞራል፣ ጆሮዬ ውስጥ ግን ምንም የለም።

ቀና ብዬ አየኋት። ዐይኗን ጨፍናለች። ሁለት እጆቿ ካርቶኑ ላይ ናቸው። ከንፈሮቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ አይቸኩሉም፣ አይዘገዩም።

መርፌው ተመልሶ ሲነሳ የቀጭኗ ድምፅና የእሷ ከንፈሮች አንድ ቃል ላይ ነበሩ።