ከወንበሩ ሥር የተቀረጸው ስም

«እማማ ነዚፋ... ወንበሩስ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ተቀምጬበት ቢሆን ማን ይወስደው ነበር።»

ሰርፀ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ወረደ። እዚህ አሜሪካ፣ ታከር ከተማ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ተመልሶ ባዶ ምሰሶ ሆኗል... ጥላ የለ፣ መቀመጫ የለ።

እማማ ነዚፋ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አውቶቡስ ሲጠብቁ ሣሩ ላይ ይቀመጡና... መነሳት ያቅታቸዋል።

ወንበሩን የሠራላቸው ሰርፀ ነበር።

ከዌርሃውስ ደጃፍ በተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት። መቀመጫውን ከፍ፣ የእጅ መደገፊያውን ወደ ፊት ረዘም አደረገው... ጉልበቱ የደከመ ሰው ተጭኖት እንዲነሳ። ዝናብ እንዳያቁር ሳንቃዎቹን አራራቃቸው።

እማማ የተቀመጡበት ቀን «ልጄ፣ እኔ አልተነሳሁም... ወንበሩ ነው ያነሳኝ» አሉት።

ከሥሩ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ስሙን በሴንጢ ቀርጾ ነበር።

ምክንያት ነበረው።

አዲስ አበባ አርክቴክት ሳለ ለአቅመ ደካሞች የሚሆን መኖሪያ ነደፈ። አለቃው የሰርፀን ስም ፍቆ የራሱን ጻፈበት... ተሸለመበትም። ሰርፀ ጭብጨባውን ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ እርሳስ አልጨበጠም። አሁን ከኮሌጅ ፓርክ ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል።

ከስንት ዓመት በኋላ እጁን ያፍታታው በዚህ ወንበር ነበር... እሱንም ወሰዱበት።

«ሌላ ሥራልኝ» አሉት እማማ።

«ለሌባ ደግሜ አልሠራም።»

«አብሽር... ሌባም እኮ ጉልበት ያመዋል።»

አልሳቀም።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኩ ጠራ።

«ሰርፀ... ወንበርህ ላይ ተቀምጫለሁ።»

«የት?»

«ለጉልበቴ የምመጣበት ክሊኒክ፣ በሩ ላይ ያለው ፌርማታ። እስክትመጣ አልነሳም። ሌባው ከመጣ እኔንም ጭኖ ይሂድ።»

በረረ።

እማማን አስነስቶ ወንበሩን ገለበጠው።

ስሙ አለ... ግን የእሱ እጅ አይደለም። ፊደሎቹ ጠማማ ናቸው፣ ገና ፊደል እንደሚለማመድ ልጅ ጽሕፈት። እንጨቱም ሌላ ነው።

ወዲያው አንድ ፒክአፕ አጠገባቸው ቆመ። ጭነቱ ያው ወንበር ነው... ሦስት፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት።

ጢማቸው የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ወረዱ።

«ተነቃነቀ እንዴ?»

«ከታከር የወሰዱት እርስዎ ነዎት?» አለ ሰርፀ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ። አናጢ ነበርኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን እዚያ ፌርማታ ተቀመጠችና... እጄን ሳትይዝ ተነሳች። ለሌሎቹም ፌርማታዎች ልሥራ ብዬ ለናሙና ወሰድኩት። የማስፈቅደው ሰው አጣሁ። ነገ እመልሰዋለሁ።»

«ይሄንንስ ለምን ቀረጹት?» ጠማማዎቹን ፊደሎች አሳያቸው።

«ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ለሰው ጉልበት ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው ያለ ምክንያት አይቀርጽም አልኩ... አንድም ነገር እንዳላጎድል ፈራሁ።»

ሰርፀ ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሳቸው።

አንብቦ የሚያውቀው አለቃ ስሙን ፋቀው... ፊደሉን ማንበብ የማይችሉት ሽማግሌ በየወንበሩ ጻፉለት።

«ስሜ ነው» አለ።

«ታዲያ አበላሸሁት?»

«የለም... እንዲህ አምሮ ተጽፎልኝ አያውቅም።»

ሴንጢውን ከኪሱ አወጣ።

«የእርስዎስ ስም ማነው?»

«ካልቪን።»

ከራሱ ስም ጎን ቀረጸው።

«ካበቃችሁ ወንበሩን አቁሙልኝ» አሉ እማማ ነዚፋ። «ስለ ጉልበት ስታወሩ እኔ ቆሜያለሁ።»

ወገኖቼ... ዲዛይን ማለት መስታወት የለበሰ ሕንፃ ብቻ አይደለም። ከተጣለ እንጨት ተሠርቶ አንዲት እናት የሰው እጅ ሳትለምን እንድትነሳ ካደረገ... ልማት እሱ ነው።

ደግሞ ሥራህን የወሰደ ሁሉ ሌባ አይደለም። ስምህን የፋቀ ግን... ቢሸለምም ሌባ ነው።

እናንተስ... ደክሟችሁ ያረፋችሁበትን፣ ፀሐይና ዝናብ የተጠለላችሁበትን የሠራው ማነው? ስሙን የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉለት። የማታውቁስ... ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?