ያልተጠለቀው ጓንት

ጡረታ የወጣው ሰዓት ሠሪ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ወሬው ከአሮጌ ሳንቲሞቹ ጋር ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ነጭ የጥጥ ጓንቱን አጥልቆ፣ እርጥበት የሚመጠውን ከረጢት ቀይሮ፣ መልሶ ይቆልፋል። የጣት ወዝ መዳብ ይበላል። ሚስቱን ስንቴ ተቆጥቷታል! «በባዶ እጅሽ አትንኪ አላልኩሽም?» ሲላት፣ «ከኔ ይልቅ ለነሱ ትሳሳለህ» ትለው ነበር።

ዛሬ ሲከፍት አንዱ ሳንቲም ላይ የአውራ ጣት አሻራ አረንጓዴ ዝጎ አገኘ። አሻራውን መሃል ለመሃል ጠባሳ ሰንጥቆታል። የሚስቱን አውራ ጣት ድሮ ቢላ ቆርጦት ነበር። ሳንቲሙን የገዛው ግን ከሞተች በኋላ ነው።

ሣጥኑን ክፍት ትቶ ተነሣ። ከዚያ ለእሷ ገዝቶላት አንድ ቀን እንኳ ያላጠለቀችውን ጓንት ከመሳቢያ አውጥቶ ሳንቲሞቹ ላይ አኖረው።

«በሞቴ፣ አሁን እንኳ እሺ በዪኝ» አለና ቆለፈው።

በሚቀጥለው እሁድ ሳንቲሞቹ ላይ አዲስ አሻራ አልነበረም። ጓንቱም እንዳኖረው ተቀምጧል። የራሱን ጓንት አውልቆ በባዶ እጁ ነካው።

ገና አሁን ከእጅ እንደወለቀ ሁሉ ይሞቃል።