የግድግዳው አድማጭ

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን የተከራየችው ለሱቋ ስለሚቀርባት ነበር። መጽሐፉን ያገኘችው ደግሞ መስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ፣ አቧራ ጠጥቶ ነው። ሽፋኑ የለቀቀ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ነው፤ የመጨረሻው ታሪክ መጀመሪያ ላይ የፀጉር ማስያዣ ተሰክቶበታል።

«የእህቴ ነው» አለች አከራይዋ፣ ፊቷ ጠቆር ብሎ። «እንደሷ ያለ አንባቢ አልነበረም። ያ ከጎንሽ ያለው የተቆለፈው ክፍል የሷ ነው። አንድ ቀን ምላሷ ተሳሰረ፣ ከዚያማ... ተይኝ ልጄ፣ ስለሷ ባነሳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የቀበረች ናት፤ የሰው ቁስል መነካካት አትወድም። «እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

«አሜን» አለች አከራይዋ።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ እራቷን ቀማምሳ አልጋዋ ላይ ትወጣለች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ታነባለች። ድምፅ አውጥታ ካላነበበች ነገሩ አይገባትም። በመድበሉ ውስጥ ጥላዋን ለጎረቤት ያከራየች ሴት አለች። ዝናብ በወጥመድ የሚይዝ ሰው አለ። ከግድግዳ ሰዓት ጋር የተጋባች ሙሽራም አለች፤ ባሏ በየቀኑ ጥቂት ወደ ኋላ እየቀረ መከራዋን ያበላታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥር ለዋለች ሴት ይህ ሁሉ ትልቅ ደስታ ነበር። ብቻዋን ትስቃለች፤ አንዳንዴም ታለቅሳለች።

የባለ ጥላዋ ታሪክ ሊያልቅ ሲል ግድግዳው ተንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ምንም የለም። ቀጥላ ስታነብ ታሪኩ በሁለት መስመር ውስጥ ተገለበጠ። በማግስቱ ሌላ ታሪክ አነበበች፤ አሁንም ልክ ነገሩ ሊገለበጥ ሲል ተንኳኳ። የሚያንኳኳው ማንም ይሁን ማን፣ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል።

«አይጥ ነው» አለች ሱቅ ውስጥ አብራት የምትሠራው ዘምዛሚ።

«ልቦለድ የምታውቅ አይጥ?»

«ያንቺ ጎረቤት ሆና ምን ታድርግ፣ ሳትወድ በግድ ተምራ ነዋ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ማታ ግን ሳቁ አልነበረም። የተቆለፈው በር ላይ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። ከሥሩ ብርሃን አይታይም። አከራይዋ ሾርባ በሰሃን ይዛ በኮሪደሩ ስትመጣ አገኘቻት። ለውዝ በጥርሷ የምትሰብር ሴት ሁልጊዜ ሾርባ መሥራቷ ገርሟት ያውቃል፤ የሰው ሆድ የራሱ ጉዳይ ነው ብላ ግን ትተወዋለች።

«ማታ ማታ ማንበቤ ይረብሽዎት ይሆን፣ እትዬ?»

«ኧረ አንብቢ ልጄ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ እኮ ቤቱ ነፍስ ዘራ።»

መድበሉ መሃል ላይ ስትደርስ የአንዲት ሟች ታሪክ መጣ። ሳትጨርሰው የሞተችውን መጽሐፍ ፍለጋ ከቤት ቤት የምትንከራተት ነፍስ ናት። አንድ ደግ ሰው እስከ መጨረሻው ሲያነብላት መንገዷን አገኘች። ታሪኩ ማስጠንቀቂያም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ብትጣራ አትመልሱላት ይላል፤ ከመለሳችሁላት እዚሁ ትቀራለች።

ልብስ ሰፊዋ ገጾቹን ገልጣ የፀጉር ማስያዣውን አየች። የአከራይዋ እህት የመጨረሻውን ታሪክ ሳታነብ ነው የሄደችው።

ግን አልቸኮለችም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ማታ ማታ የሚጠብቃት አልነበረም፤ አሁን አንድ ሰው አገኘች፣ ሰው ከተባለ። ስለዚህ የቆዩትን ታሪኮች እየመላለሰች አነበበች። የሰዓቱ ሙሽራ ስትመጣ ግድግዳው በደስታ ደጋግሞ ይንኳኳል። እሷም መልሳ ታንኳኳለች። አንዱ ፍርሃት ብቻ አልለቃት አለ፤ ለራሷ ጨዋታ ብላ የሰው ነፍስ ማሰሯ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማስያዣውን ነቀለችና የመጨረሻውን ታሪክ ጀመረች። ግድግዳው ጸጥ አለ። በመሃል አልተንኳኳም፤ ሊያልቅ ሲልም አልተንኳኳም። የመጨረሻዋን ቃል ስታነብ ብቻ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«በይ ደህና ሁኚ፣ እህቴ» አለች ከንፈሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ። እንባዋን ጠርጋ መጽሐፉን ሻንጣ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ግድግዳው ተንኳኳ።

እጇ ወደ ሻንጣው ሄደ። ማስጠንቀቂያው ትዝ አላትና እጇን ሰበሰበች። በሌላውም ቀን ተንኳኳ፤ ቆይቶ መቧጨር ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ትራሷን ጆሮዋ ላይ ጭና አለቀሰች። አንድ ገጽ ብታነብላት ምን ነበረበት! ግን ወድዳታለችና ጨከነችባት። «ሂጂ፣ እባክሽ ሂጂልኝ» አለች በልቧ።

ድምፁ እየሳሳ መጣ። ከዚያ ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ ከፋት፤ ደስም አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ ለሰው የሚጠቅም ነገር የሠራች መሰላት። ያን ሰሞን ሱቋ ውስጥ ስታንጎራጉር ዘምዛሚዋ «ምን ተገኘ?» ብትላት፣ «አንዲት ወዳጄን ሸኝቼ ነው» ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

አንድ ጠዋት አከራይዋ ዓይኗ አብጦ፣ ነጭ ጨርቅ በክንዷ ታቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«መግነዣ ስፊልኝ፣ ልጄ። ቁመቷ ካንቺ አይበልጥም።»

ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ተነሣች። «ማን ሞተብዎት፣ እትዬ?»

«ማን ትሆናለች፣ ያቺው እህቴ ናት እንጂ፤ ማንበብሽን ካቆምሽባት ወዲህ እኮ ሾርባውን በማንኪያ እንኳ አልቀምስ ብላኝ ነበር።»